እንደ በቅሎ የታሰረች ጀልባ

የደጋ ሰው ጀልባ ሲያስር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሰውየው አባቴ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ያለው መንደራችን ውሃ የሚያውቀው በምንጭና በክረምት ጭቃ ነበር። ኋላ ሸለቆው ላይ ግድብ ተሠራና ሐይቅ ተኛበት። መልካም ነገር ነው፤ ሽንኩርቱም ድንቹም በመስኖ ጠገበ። ችግሩ፣ አክስቴ እታገኝ ከማዶ ቀረች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬም ሲጣሩ ይሰማማሉ። በእግር ዞሮ መድረስ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። እሷ ጉልበቷ ከድቷታል፣ እሱም ጎረምሳ አይደለም። ደጅ ቁጭ ብሎ ማዶ ማዶውን ሲያይ ሆዴ ባባ።

ከተማ ጀልባ አሠራሁለት። የበየዳት ሰውዬ ሥራው የግቢ በር ነው። ላሜራና ባዶ በርሜል አገጣጥሞ ሲጨርስ፣ እጁ ለምዶበት ነው መሰለኝ፣ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ ጨመረላት። ሐይቅ ላይ ማን ሊያንኳኳ ነው? ብቻ ተንሳፈፈች።

አባቴ ደስታውን አልቻለውም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እየቀዘፈ ይሻገር ጀመር። ሲመለስ ግን ዳር ላይ ችካል መትቶ ገመዱን አሳጥሮ ይጠፍራታል። አባዬ፣ ትንሽ ብታስረዝምላትስ አልኩት። «አሃ! የሰው ገብስ ገብታ ከጎረቤት ልታጣላኝ?» አለኝ። በቅሎ ሲያስር ያረጀ እጅ ነዋ!

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ ሲያወርደው አድሮ ሐይቁ ሞላ፤ ችካሉም ውሃ ውስጥ ቀረ። ጀልባዋ ከውሃው ጋር ከፍ ልበል ብትል አጭሩ ገመድ አፍንጫዋን ወደ ታች ያዛት። ውሃ ገባባትና ሰመጠች። አባቴ ዳር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አሳዘነኝ። አክስቴ ከማዶ ነጠላዋን እያውለበለበች ትጮሃለች፤ «አንተ! ውሃው ሲነሳ እሷስ በምን ትነሳ? ልቀቅላት እንጂ!»

«እሺ፣ እታለም» አለ ሽማግሌው አባቴ፣ እንደ ሕፃን።

ከጎረቤቶች ጋር ጎትተን አወጣናት። አሁን አስተሳሰሩ ተቀየረ። ከፊት በኩል ረጅም ገመድ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ጋር፤ ከኋላ ደግሞ ንፋስ ከዳሩ ድንጋይ ጋር እንዳያላትማት፣ ውሃው ውስጥ የሚጣል ከባድ ነገር። መልሕቅ መሆኑ ነው። ከየት ይምጣ? አባቴ የእናቴ መጅ ላይ ዓይኑን ጣለ። እናቴ ስንት ዘመን እህል የፈጨችበት ድንጋይ ነው፤ ወፍጮ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ውሰደው። እኔን እንኳ እዚህ ቤት ይዞ አስቀምጦኝ የለ?» ብላ ሳቀች። ቢሆንም ዳበስ አድርጋ ነው የሰጠችው።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አባቴ ተሻግሯል። ሊመሽ ሲል ደወለ። እዚያ ማዶ የጣለው መልሕቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አልነቀል ብሎታል። ከባድ ነው፣ ወገቡንም አሞታል፤ እህቱ ዘንድ አድሮ ነገ ይመጣል። ከኋላው አክስቴ ስትስቅ ይሰማል።

የሚያግዘው ሰው ልፈልግ ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

«ተወው፣ ይደር» አለችኝ። «መጁን እኔ አውቀዋለሁ። ያን ያህል አይከብድም።»