ቀይዋ ትሂድ፤ የፊት ወንበሬን ግን አልለቅም!

መኪና የሚነዳው መሪውን የጨበጠው ሰው ነው የሚል ካለ፣ ያ ሰው ሀርጌሳ ኖሮ አያውቅም! እዚህ መኪና የሚነዳው ጎን የተቀመጠው ነው። መሪውን የያዘውማ… እሱ እንግዲህ መሪ ይዟል፣ ምን ይደረግ።

ይህንን ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ብናገር የልጅ ልጆቼ በሳቅ ሞቱ። «እማማዬ፣ የቀይዋን መኪና ነገር ንገሪን እንጂ!» አሉኝ። ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ መሰላችሁ! ልጅ ግን የሚወደው የሚያውቀውን ታሪክ ነው፤ አንድ ቃል ብዘል ይቆጡኛል። ለእነሱ ከነገርኩ ለእናንተስ ለምን ይቅርባችሁ? ትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁትም ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ስለዚህ መሃል ላይ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የዚህን ከተማ መኪና ላስረዳችሁ። መንገዱ እንደ እኛው አገር ቀኝ ተይዞ ነው የሚኬደው። መኪኖቹ ግን ከጃፓን በዱባይ በኩል በመርከብ የሚመጡ ናቸውና መሪያቸውም በቀኝ ነው። እስቲ አስቡት! ነጂው ጥጉን ይዞ ከፍየሎቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይሄዳል፤ መሃል አስፋልት ላይ የሚወጣው ጎኑ የተቀመጠው ምስኪን ነው። ፊት ለፊት የውሃ ቦቴ ከተገተረ፣ ነጂው ከቦቴው መቀመጫ በቀር የሚታየው ነገር የለም። ከወዲያ የሚመጣውን የሚያየው በግራ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ይጠየቃል፦ «ክፍት ነው?» እሱም «ጠብቅ… ጠብቅ… አሁን!» ሲል ይታለፋል። ካላለ ቦቴው የሚያፈሰውን ውሃ እየተከተሉ መዋል ነው።

እኔ ታዲያ የልጄ የብሩክ «አሁን!» ባይ ነበርኩ።

ብሩክ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ነው የሚሠራው። ገና ላጤ ሳለ የገዛት ቀይ፣ ባለ ሁለት በር መኪና ነበረችው። ዝቅ ብላ መሬት የምትልስ፣ ስትነሳ እንደ ነብር የምታጉረመርም! 31 ሜይ በሚባለው ሰፈራችን ኮረኮንቹ ላይ ሆዷን እየፋቀች ስትገባ ጎረቤቱ ሁሉ ሳያይ «ብሩክ መጣ» ይላል። እሷ ውስጥ መግባት መኪና መግባት አይባልም፤ ጉድጓድ መውረድ ነው። መጀመሪያ መቀመጫዬን እልካለሁ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቴን። እግሬን ደግሞ ብሩክ አንስቶ እንደ ዕቃ ያስገባልኛል። ለመውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ይስቃል።

ብትታዘቡኝም እውነቱን ልናገር… ወደድኳት! በስተርጅና ቀይ መኪና ይወደዳል? ይወደዳል።

ምክንያት አለኝ። ብሩክ ወደዚህ ያመጣኝ አባቱ ካረፈ በኋላ ነው። ሶማልኛ አላውቅ፣ ገበያ ወጥቼ አልከራከር! ወጥ ቤቱ የምራቴ የፍሬ ነው። ማንኪያ ባነሳ «እማማ፣ ይረፉ» ትለኛለች፤ መጥረጊያ ብይዝ «እማማ፣ ይረፉ»። ደግ ቃል ነው፣ አላማሁም። ሲበዛ ግን ሬሳ ላይ የሚባል ይመስላል። ቀይዋ መኪና ውስጥ ማንም ይረፉ አይለኝም! ያለ እኔ ልጄ አንድ ቦቴ አያልፍም። በዚህ ከተማ ያለኝ ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ከሶማልኛም የተማርኩት ለሥራዬ የሚበቃኝን ነው፤ «ሱግ» ጠብቅ፣ «ታግ» ሂድ። ሌላው ምን ያደርግልኛል?

አንድ ጠዋት እንደ ልማዳችን ከቦቴ ኋላ ተሰልፈናል።

«እማዬ፣ ክፍት ነው?»

አየሁ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። «ታግ!» አልኩ።

ብሩክ ነዳጁን ረገጠ፣ ቀይዋ ተወነጨፈች፣ እና… አህያ! የውሃ በርሜል የተጫነ ጋሪ የምትጎትት አህያ፣ ልክ ፊታችን! ብሩክ መሪውን ጠመዘዘው። አህያዋ ቆማ አየችን፤ እኛ በአፍንጫችን አሸዋ ውስጥ ተተከልን። ሰው ግር ብሎ መጣ። «ማሻ አላህ፣ ደህና ናቸው!» ይላል አንዱ። ሌላው እኔን ትቶ መኪናዋን ይዳብሳል።

«እማዬ፣ አላየሻትም?» አለኝ ብሩክ አሸዋ እየተፋ።

«የሌለ ነገር እንዴት አያለሁ? ከሰማይ ነው የወረደችው!»

«አህያ?»

«ታዲያ ከየት ልትመጣ ነው?»

ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ። አስተያየቱ አላማረኝም።

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ መጣ። እራት ላይ ብሩክ ጉሮሮውን ጠረገና «መኪናዋን በቫን ልንለውጥ ነው» አለ። ፍሬ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች፤ የመጀመሪያዋ ናኒ ገና ድክ ድክ ትላለች። የቀይዋ የኋላ መቀመጫ ደግሞ ድመት እንኳ ብታስቀምጡበት ጅራቷ ይተርፋል። ታይቶ የተወደደው ቫን ነጭ ነው፣ ቁመቱ እንደ ቁም ሳጥን።

«ሰፊ ነው እኮ እማማ» አለች ፍሬ፤ «ከኋላም እንደ ልብ ያስቀምጣል።»

ከኋላ! ሰማችሁልኝ? ከኋላ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ፍሬ እርጉዝ ናት፣ እግሯ አብጧል፤ የፊት ወንበር ለማን ይገባል ቢባል ማንም ለእሷ ይፈርዳል። እኔ ከናኒና ከሽንኩርቱ ከረጢት ጋር መሆኔ ነው! ከእርጉዝ ጋር በወንበር የምትጣላ አሮጊትስ ምን ዓይነት አሮጊት ናት? ጸሎት ላይ ቆሜ እንኳ «ፈጣሪዬ፣ ፍሬን በሰላም ገላግልልኝ፤ ወንበሩን ግን ለእኔ…» ብዬ ጀምሬ አፍሬ ተውኩት።

ቅዳሜ ወደ መኪና ነጋዴው ሄድን፤ ከሼክ ኑር ሰፈር ማዶ ነው ግቢያቸው። ሐጂ ይባላሉ። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ድሬዳዋ ኖረው አማርኛ የለመዱ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ብሩክና ፍሬ ናኒን ይዘው ቫኑን ሲዞሩት፣ ሐጂ ቀይዋን ሊሞክሩ መጡ።

«ሆዮ፣ ውረጅ። እኔ መንዳት ነው» አሉኝ። ሆዮ እናቴ ማለት ነው። ሰውየው እኮ ቢበልጡኝ እንጂ አያንሱኝም!

«መውረዱ በእጄ አይደለም፤ ሁለት ሰው ይጠይቃል» አልኳቸው። ይህ እውነት ነው። ሁለት ሰው እንዲመጣ አልተጣራሁም። ይህም እውነት ነው።

ሐጂ ሳቁና ይዘውኝ ወጡ። ዋናውን መንገድ ገና ከመያዛችን ቦቴ!

«ሱግ!» አልኩ።

«ሆዮ፣ እኔ መኪና ስነዳ ይሄ ጢም ጥቁር ነበረ…»

«ሱግ አልኩ እኮ!»

የመኪናዋን ፍሬን ረገጡ። አንዲት የጫት መኪና ጥሩንባዋን እያስጮኸች በጎናችን እንደ ጥይት አለፈች። የጫት መኪናን ታውቋታላችሁ፤ ከአውሮፕላን በቀር የሚቀድማት የለም። ሐጂ ጢማቸውን ይዘው ቀሩ።

«ወላሂ፣ አላየኋትም!»

ለነገሩ እኔም አላየኋትም፤ የሰማሁት ጥሩንባዋን ነው። ግን ይህንን ለነጋዴ ምን አስነገረኝ?

ግቢ ስንመለስ ሐጂ ገና ሞተሩን ሳያጠፉ ተጣሩ። «ብሩክ! ለውጡን ተስማምቻለሁ። ግን ሆዮ ከመኪናው ጋር ትቅር። የመኪናው ግማሽ እሷ ናት!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝ አለ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምን ሆኜ ነው እንዲህ የምሆነው ብዬ በራሴ ተናደድኩ።

«ምን ሆንሽ እማዬ?» አለ ብሩክ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

«ምንም። ሐጂ ዋጋዬን ያውቃሉ ብዬ ነው። እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ እኔ ከሽንኩርት ጋር ነኝ።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። ቀይዋ ትሂድ፤ የወጣት መኪና ናት፣ ለወጣት ትሁን። የፊት ወንበሬን ግን አልለቅም!»

ከአፌ አመለጠ። እርጉዟ ፊቴ ቆማለች! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ቀይዋ መኪና ደግሞ ለመሬት እንዴት ቅርብ እንደሆነች ነግሬያችኋለሁ።

ብሩክና ፍሬ ተያዩ። ባልና ሚስት ሲተያዩ የሚያወሩት ነገር አለ፤ እኛ አንሰማውም እንጂ። ከዚያ ፍሬ በአንድ እጄ፣ ሐጂ በሌላው ይዘው ጎትተው አወጡኝ። የመሳቁ ተራ የብሩክ ነበር። ፍሬ የቫኑን የፊት በር ከፈተችልኝ።

«ይግቡ እማማ። እኔ ከጀርባዎ እሆናለሁ።»

«እግርሽስ ልጄ?»

«እዘረጋዋለሁ። ሰፊ ነው አላልኩዎትም?»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ግን ወጣሁ! ቫን ይወጡበታል እንጂ አይገቡበትም። ከላይ ሆኜ ሀርጌሳን ሳያት፣ ባጃጁ፣ ፍየሉ፣ የሐጂ ቆብ ሁሉ ከእግሬ በታች ሆነ። አሸነፍኩ አልኩ።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ነዳን። ልጁ ተወለደ፣ ሌላም ተከተለው። እኔ ከፊት «ሱግ!» እላለሁ፣ «ታግ!» እላለሁ፤ አንዲት አህያ ከሰማይ አልወረደችብንም። አንዳንዴ «ታግ!» ብዬ ብሩክ ንቅንቅ አይልም። «ምነው?» ስለው «ሞተሩ ዛሬ ከብዶታል» ይለኛል። እኔም የቫን ሞተር ሰነፍ ነው ብዬ እታገሠዋለሁ። ለጎረቤት ሴቶችማ «ከፍታ ላይ ስትሆኑ መንገዱ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል» እያልኩ ሙያዬን አስተምር ነበር!

አምና ታዲያ ዓይኔን ያሳክከኝ ጀመርና ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ በመብራት እያገላበጠ አየኝና ምን ቢል ጥሩ ነው? «እማማ፣ ግራ ዓይንዎን ሞራ ከሸፈነው ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቀኙም ሩቅ ነገር ማየት ካቆመ ቆይቷል።»

ደነገጥኩ። ለራሴ መሰላችሁ? ለእነዚያ ሁሉ ቦቴዎች! ለእነዚያ ሁሉ «ታግ!»ዎች! ወደ ብሩክ ዞርኩ፤ ኮርኒሱን ያያል። ወደ ፍሬ ዞርኩ፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

«ታውቁ ኖሯል!»

«እንዴት አናውቅም እማማ?» አለች ፍሬ። «ከጀርባዎ ሆኜ መንገዱን የማየው እኔ ነበርኩ። ክፍት ሲሆን የብሩክን ትከሻ መታ አደርገዋለሁ። ካልሆነ እቆነጥጠዋለሁ።»

«እስከ ዛሬ ትከሻዬ እንደበለዘ ነው» አለ ብሩክ።

«ታዲያ ከፊት ምን ጎለታችሁኝ? ቀድሞውኑ አንቺ አትቀመጪም ነበር?»

«ወንበሩ የእርስዎ ነዋ!»

ለካስ ቀይዋ የተለወጠችው ለሚወለደው ልጅ ተብሎ አልነበረም። ብሩክና ፍሬ ነገሩን የቆረጡት አሸዋው ውስጥ በተተከልን ዕለት ነው፤ ቀይዋ ከእኔ ጀርባ ሰው የምታስቀምጥበት ቦታ አልነበራትም።