ሊቀ መስመር አምሐ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ። ፋብሪካ ይሁን ኮሌጅ፣ የቁጠባ ማኅበር ይሁን የውኃ አገልግሎት፣ ኮምፒውተር የገባበት ቤት ሁሉ ይህን ሰው ሳይጋብዘው አብሮ ያስገባዋል። ችግርህን ነግረህ ሳትጨርስ ወንበርህን ይወስዳል፤ በኮምፒውተሩ ማያ ላይ አንድ ጥቁር መስኮት ይከፍታል፤ ጣቶቹን ያንቋቋል። ከዚያ ፊቱን ሳይመልስ፣ "ይቺ እኮ አንድ መስመር ናት" ይላል። ወንበርህን የምታገኘው ከምሳ በኋላ ነው።

ፋሲሎ በሚባል የሐይቅ ዳር ሰፈር ባለው አንድ ኮሌጅ ይህን ሹመት የያዘው አምሐ ነበር። "ሊቀ መስመር" የሚለውን ማዕረግ ያወጣችለት ደግሞ የሬጅስትራር ክፍሏ የብርጓል ናት። የብርጓል የጎርጎራ የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ ሊቀ ጠበብትና ሊቀ ማእምራን ሲባል እየሰማች ያደገች፣ ማዕረግ ማውጣት የማይከብዳት። "ሊቀ መስመር መጡ፣ ወንበር ልቀቁ!" ስትል ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። አምሐ ግን ስድብ መሆኑ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ወዶታል። በሳምንቱ ስልኩን ሲያነሳ፣ "አቤት፣ ሊቀ መስመር ነኝ" አለ።

የአምሐ ጉልበቱ ሁሉ ፐርል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ላይ ነው። ጽሑፍ ለመፈለግ፣ ለመቁረጥና ለመለወጥ የሚወዳደረው የለም ይላል። የሚጽፋት መስመር በዶላር ምልክት፣ በቅንፍና በጋደለ ጭረት የታጨቀች ናት፤ ለሌላ ሰው ዶሮ የጫረችው አመድ ትመስላለች። ቋንቋው አዲስ ከተቀጠረው ከብሩክ በዕድሜ ይበልጣል፤ ብሩክም ይህን ከመናገር አይቦዝንም።

"ጋሽ አምሐ፣ አሁን ፐርል ማን ይነካል? ፓይዘን እያለ! ሼም ነው እኮ።"

"አንተ ልጅ፣ ፀጉርህን የምታበጥርበት ሚዶ ካንተ በፊት የነበረ ነው። ጣልኸው?"

ሁለተኛው አባባሉ፣ "በእጅ መሥራት ኃጢአት ነው" የሚል ነው። ይህን ኃጢአት ላለመሥራት የማይከፍለው ዋጋ የለም። አንድ ጊዜ የፕሪንተሩ ወረቀት ሲያልቅ ለሁሉም ኢሜይል የሚልክ ስክሪፕት፣ ማለት ትንሽ ፕሮግራም፣ ሊጽፍ ሳምንቱን ፈጀ፤ ፕሪንተሩ ከወንበሩ አጠገብ ነው፣ አንገቱን ዘወር ቢያደርግ ይታየዋል። ሌላ ጊዜ የተማሪዎችን የልደት ቀን ሲያጸዳ፣ ወር ከአሥራ ሁለት አይበልጥም ብሎ ለፐርል ነገረው። ጳጉሜን የተወለደ ሁሉ ከመዝገብ ጠፋ። ሲና የምትባል ተማሪ መስኮቱ ላይ ቆማ፣ "አልተወለድሽም ይለኛል" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። አምሐ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

"ታገሽ፣ እኅቴ፤ አሁን ትወለጃለሽ።"

እውነትም ከምሳ በፊት ተወለደች።

ዓሣ ሊበሉ ሐይቁ ዳር ሲወርዱም አያርፍም። በየምግብ ቤቱ ደጃፍ "ዓሣ"፣ "አሳ"፣ "ዓሳ" ተብሎ የተጻፈውን እያየ፣ ሁሉንም በአንዴ የምትይዝ መስመር በናፕኪን ላይ ይጽፋል። አስተናጋጇ ሒሳብ የጠየቀ መስሏት ትመጣለች።

ግን የብርጓልም ብትሆን አንድ ነገር አትክደውም። ኮሌጁ ተማሪ ሲመዘግብ የኖረው በብዙ ጸሐፊዎች እጅ ነው። "ፀሐይ" በአንዱ መዝገብ "ጸሀይ"፣ በሌላው "ፀሃይ" ናት፤ ሰው የገዛ ውጤቱን አጥቶ በየቢሮው ይንከራተት ነበር። አምሐ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ የምትመልስ መስመር ጻፈ። ሠ ወደ ሰ፣ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ያጣ ተማሪ የለም። አምሐ ያቺን መስመር እንደ ማዕተብ ይዟት ይዞራል፤ በሚጽፈው ስክሪፕት ሁሉ ውስጥ አለች።

የብርጓል ለዚህ ሰው የማትነግረው አንድ ጉዳይ ነበራት።

አባቷ የኔታ ገብረ ሕይወት ከመሞታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ተዘጋ። ዕድሜ ልካቸውን በቃል ያስተማሩ ሰው ናቸው። የብርጓል ከኮሌጁ የተወገደ አሮጌ ኮምፒውተር ወስዳ፣ ራሷ በተማረችበት የድሮ የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራም መተየብ አስተማረቻቸው። እሳቸውም በሁለት ጣት፣ ከቁርስ እስከ ሠርክ እየተየቡ፣ የግእዝን ግስ ከነትርጓሜው፣ በጉባኤያቸው እንደሚናገሩት አድርገው ጻፉት። የመጨረሻውን ፊደል በመቱ በወራት ውስጥ ዐረፉ። ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። የተረፈው የብርጓል በፍላሽ የያዘችው ቅጂ ብቻ ነው።

ፍላሹን ቢሮ ወስዳ ስትከፍተው አንድም የግእዝ ፊደል የለም። በዚያ ዘመን ፕሮግራሙ ሁሉ ለፊደላት የመሰለውን ቁጥር ይሰጥ ነበርና፣ አዲሱ ኮምፒውተር የአባቷን ጽሑፍ የሚያነበው የፈረንጅ ፊደልና የማይታወቅ ምልክት አድርጎ ነው። ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። ምናልባት አንድ ቃል፣ አንድ ስም ብላ ፈለገች። ምንም። ፍላሹን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ለማንም አልተናገረችም። ለአምሐ ደግሞ በፍጹም። የሚለውን ታውቀዋለች። በአባቷ ላይ እንዲያ ሲባል መስማት አልፈለገችም።

በዚህ ዓመት ግን በአባቷ ወንበር የተተኩት መሪጌታ ይትባረክ ደወሉላት። "እኅቴ፣ ተማሪው 'የየኔታ ቃል' እያለ ያልሰማውን ይጠቅሳል። እኔም አንዱን ረስቼ አንዱን ጨምሬ ይሆናል። የጻፉት አለ ስትይ ሰምቼ ነበር።"

በማግስቱ ፍላሹን አምሐ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ታሪኩን በአጭሩ ነገረችው። እሱ ሰክቶ ከፈተው፤ ዓይኑን አጥብቦ አየው።

"አንድ መስመር ናት" አለ።

የብርጓል ወጥታ ሄደች።

አንድ መስመር አልነበረችም። አምሐ የድሮውን ፕሮግራም የፊደል ቁጥር እያደነ፣ አንዱን ቁጥር ከአንዱ ፊደል እያጋባ ብዙ ቀን ቆየ። የፕሪንተሩ ወረቀት አልቆ ኢሜይሉ ሲመጣ እንኳ አልሰማም። አንድ ከሰዓት ግን በሩን በርግዶ ገባ፤ ላፕቶፑን በሁለት እጁ እንደ ጽዋ አቅፎታል። "ነይ እዪ!" አላት።

የብርጓል አየች። ግእዝ ነው። "በስመ አብ" ብሎ ይጀምራል። አባቷ ሁልጊዜ እንደሚሉት፣ "ልጆቼ፣ ጆሯችሁን አቅኑ" ይላል። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለችም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ዕለት አምሐን በስሙ ጠርታ አመሰገነችው፤ ማዕረጉንም አልጨመረችም። ጽሑፉን እዚያው በቴሌግራም ለመሪጌታ ላከች።

መሪጌታ ይትባረክ የደወሉት በማግስቱ ጠዋት ነው። ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

"የብርጓል፣ ይህን አባትሽ አልጻፉትም።"

"እንዴት፣ መሪጌታ? በእጃቸው ሲመቱት አይቻለሁ እኮ!"

"ለፀሐይ የሚነገረው፣ ሠረቀ፣ ወጣ፣ ታየ የሚለው በእሳቱ ሰ ተጽፏል። በንጉሡ ሠ ነው እንጂ! በእሳቱ ከሆነ መስረቅ ነው። ፀሐይ ምን ሰረቀች? ዝቅ ብዬ አየሁ፤ መሀረ፣ አስተማረ ይላል። ከሥሩ ደግሞ መሀረ፣ ይቅር አለ። ሁለቱም በሃሌታው ሀ! ይቅር ማለቱ እኮ በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። አንዲት ሐመሩ ሐ ከዳር እስከ ዳር የለችም። የኔታ አንዲት ፊደል ለተሳሳተ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ነበር የሚቆጡት። ይህን ለተማሪ ባሳይ መቃብራቸው ውስጥ ይገለበጣሉ።"

የብርጓል ስልኩን እንደያዘች ወደ አምሐ ክፍል ሄደች። ብሩክም እዚያ ነበር።

"አምሐ፣ ፊደላቱን አንድ አድርገሃቸዋል?"

"የትኞቹን?"

"ሠንና ሰን። ሐንና ሀን።"

አምሐ ወደ ማያው ዞረ። ስክሪፕቱን ወደ ላይ አንከባለለ፣ ወደ ታች አንከባለለ። ያቺ የሚመካባት መስመር እዚያው ተቀምጣለች። አፉን ከፈተ፤ የብርጓል ሰበቡን ጠበቀች። ለፍለጋ ይመቻል፣ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ዛሬ ማን ይለያቸዋል ይላል ብላ። አምሐ አፉን መልሶ ዘጋው። ፊቱ እንደተመታ ሰው ቀላ።

"ሳላስበው ነው የገባችው" አለ በመጨረሻ። "ከልማድ።"

"እሳቸው ሕይወታቸውን የፈጁት እነዚህን በመለየት ነው።"

"አሁን ገባኝ።"

ብሩክ ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ አየት አደረጋቸውና ተወው።

ደግነቱ የፍላሹን ፋይል አምሐ አልነካውም፤ የሠራው በቅጂው ላይ ነው። መስመሯን አውጥቶ እንደገና ለወጠው፤ ንጉሡም እሳቱም ሐመሩም በየወንበራቸው ተመለሱ። ሆኖም ሌላ ነገር ታየ። ጽሑፉ ከማሽን ወደ ማሽን ሲገለበጥ በየቦታው ፊደል ተበልቶ የጥያቄ ምልክት ብቻ ቀርቷል። በፊት የብርጓል በደስታ ብዛት፣ አምሐም በችኮላ፣ መሪጌታም በንዴት ልብ አላሉትም ነበር። የተበላው ፊደል የትኛው እንደነበር ቁጥር አይናገርም፤ የሚናገረው ትርጉሙ ነው።

"ለዚህ መስመር የለውም?" አለችው፤ ሳታሽሟጥጥ።

"የለውም። እያነበቡ አንድ በአንድ ነው።" ላፕቶፑን ከደነው። "በእጅ።"

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ የመረረው ይመስል ነበር። ቀጥሎም፣ "መሪጌታ ዘንድ ልሂድ?" ብሎ ጠየቃት።

አምሐና የብርጓል በጎንደር በኩል ዞረው ጎርጎራ ደረሱ። መሪጌታ ይትባረክ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ጠበቋቸው፤ ከፊታቸው ሐይቁ ተንጣሏል፤ ተማሪዎቹ ራቅ ብለው በየጥላው ሥር ያጠናሉ። አምሐን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ፀሐይን ሌባ ያደረግሃት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

"ተቀመጥ።"

አምሐ ያነባል፤ ጥያቄ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ትርጓሜውን ያስቡና፣ "በብዙኃኑ ኀ ነው" ወይም "በዐይኑ ዐ" ይላሉ። አምሐ ይመታል። መጀመሪያ ላይ እግሩ አላርፍ ብሎ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የብርጓል ሰውየው በዚህ ዓይነት እስከ ቀትር አይዘልቅም ብላ ነበር። ቀትር አለፈ። አምሐ ሐለየ በሐመሩ ሐ ሲሆን መዘመር፣ ኀለየ በብዙኃኑ ኀ ሲሆን ማሰብ መሆኑን ሲሰማ፣ "ቆይ፣ ቆይ፣ መሪጌታ! ለምን?" አለ። መሪጌታ ነገሩት። ሌላ ጠየቀ። ነገሩት። የብርጓል እያየችው አንድ ነገር ተገለጠላት፤ ይህ ሰው ለካ ድሮም የሚጣደፈው ለመጨረስ አልነበረም። የነገሩን ውስጡን ማየት ይወዳል፤ እንዲህ የሚያሳየው ሰው ነው አጥቶ የኖረው።

ከሰዓት በኋላ አምሐ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"እዚህ መሐረ፣ አስተማረ ይላል፤ በሐመሩ ሐ። ማስተማር በሃሌታው ነው ብለውኛል።"

"በሃሌታው ነው። ማሽንህ ነዋ!"

"አይደለም። እዚህ ላይ ቁጥሩ ጥርት ያለ ነው። የኔታ ራሳቸው ናቸው የመቱት።"

የብርጓል ደነገጠች። "ያን ጊዜ ደክመው ነበር" አለች ቶሎ ብላ። "ጣታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።"

መሪጌታ ይትባረክ ግን ፈገግ ማለት ጀመሩ። "አንዳንዴ በጉባኤው መካከል ሆን ብለው ያሳስቱን ነበር፤ ማን እንደነቃ ሊያዩ። ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ወዮለት!"

"ታዲያ ይህ ድካም ነው ወይስ ፈተና?" አለ አምሐ።

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ?"

ሦስቱም ማያውን አዩ። ማረሙ ለአምሐ ዓይን እንደመጨፈን የቀለለ ነው። ጣቱ ፊደሉ ላይ ደርሶ ቆመ። የብርጓል፣ አንድ የተሳሳተ ነገር አይቶ አልፎ እንደማያውቅ ታውቃለች። ጣቱን ቀስ ብሎ መለሰ።

"ተማሪዎቹ ይድረሱበት" አለ። "እኔ አልነካውም። ይቀጥሉ፣ መሪጌታ።"

የብርጓል ወደ ሐይቁ ዞር አለች፤ ፊቷን እንዲያዩባት አልፈለገችም። ስትመለስ መሪጌታ ጽሑፉን ትተው ግሱን በቃላቸው እያወረዱ ነበር፤ ተማሪዎቹም አንድ ሁለት እያሉ ቀርበው ይቀበላሉ። አምሐ ላፕቶፑን ሣሩ ላይ አኑሮ ከነሱ ጋር ይቀበላል፤ ድምፁ ከሁሉም ይጎላል፣ ከሁሉም ይስታል። ኀለየን አላልቶ ሲል ተማሪው ሁሉ ሳቀ።

"ይጠብቃል!" አሉ መሪጌታ። "እንደገና!"

"እሺ፣ የኔታ" አለ አምሐ፤ ጉሮሮውንም ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።