«አብሽር» የተባልኩበት ላፕቶፕ

ሰው ምክር የሚጠይቀው ለመመከር ይመስላችኋል? ለእኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ገብቶኛል፤ ሰው ምክር የሚጠይቀው ነገሩ ሲበላሽ ብቻውን እንዳይወቀስ ነው። መካሪውም ቢሆን የሚመክረው ስለሚያውቅ ሳይሆን ስለተጠየቀ ነው። እስቲ ሞክሩት! መንገድ ላይ የማታውቁትን ሰው አስቁማችሁ ጨረቃ ላይ ምን ቢዘራ እንደሚሻል ጠይቁት። «እሱን እንኳ አላውቅም» የሚላችሁ ካገኛችሁ ሰውዬው ወይ ታሟል ወይ ቸኩሏል።

ይህን ያስተማረችኝ ቆቦ ናት። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው፤ ቆቦ የመጣሁት አማርኛ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። ክረምት ክረምት ደሴ እየሄድኩ ዲግሪዬን እማር ነበርና በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ቀረኝ። ርእሱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ «በቆቦና በአካባቢው የሚነገሩ የማጽናኛ ቃላት»። ከሁሉ በላይ የተራቀቅሁት «አብሽር» በምትለው የወሎ ቃል ላይ ነበር። አገሬ ሳለሁ ሰምቻት አላውቅም። «ትርጉሟ አይዞህ ማለት ነው፤ የምትነገረውም ችግር ለደረሰበት ወይም ሊደርስበት ለተቃረበ ሰው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈላለጋለን።

አማካሪዬ በኮምፒውተር ያልተጻፈ ወረቀት በእጃቸው እንደማይነኩ ቁርጡን ነግረውኛል። በጊዜው ካላስረከብኩ ምርቃት የለም፣ ዓመቱን መድገም ነው። እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ ጌሾ አስወቅጣ፣ ዘመድ አዝማዱን ጠርታ ጨርሳለች። የከተማው ኮምፒውተር ጸሐፊ የሠርግ ጥሪ ከመጻፍ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም። እንግዲህ ላፕቶፕ መግዛት ግድ ሆነ። እኔ ስለ ላፕቶፕ የማውቀው መከፈቱንና መዘጋቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የሥራ ባልደረባዬን ሙሉጌታን ነው። የሒሳብ መምህር ነው፤ አንድ ጊዜ የኮምፒውተር ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰ ወዲህ የሚናገረው በቀስታ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ እንዳልገዛ መከረኝ፤ ይሰበራል። ስጽፍ ደግሞ በየደቂቃው ሴቭ እንዳላደርግ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ሴቭ በተደረገ ቁጥር ቦታ ይይዛል፣ ቦታው ሲሞላ ማሽኑ ይጨናነቃል። ይኼ አሳማኝ አይደለም ትላላችሁ? እኔን አሳምኖኛል።

ሁለተኛው መካሪዬ አከራዬ አያ እንድሪስ ናቸው። አያ እንድሪስ የበሬና የግመል ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸው ሳያዩት የተገዛ በሬ ሰፈሩ ውስጥ እንደ በሬ አይቆጠርም። ላፕቶፕ ልገዛ ወልዲያ ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው ተቆጡ።

«ሰው ብቻውን ገበያ ይወርዳል እንዴ? ዘመድ የለህም ወይ?» ብለው ዱላቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

አውቶቡሱ ሮቢት ሳይደርስ አያ እንድሪስ የጉዟችንን ዓላማ ለተሳፋሪው አሳውቀው ነበር። ጎብዬን ስናልፍ አውቶቡሱ በሙሉ እየመከረኝ ነው። አንዱ ጥቁር ሙቀት ይስባልና ነጩን ግዛ ይላል፤ ሌላው ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል ይላል። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ዕቃው ምን እንደሆነ በትክክል ባይሰሙም መክደኛው የሚገጥም መሆኑን አይተህ ግዛ አሉኝ። ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ እስከ ዛሬ ስህተት ያላገኘሁበት የእሳቸው ብቻ ነው።

ወልዲያ ሱቁ ውስጥ ሁለት ላፕቶፖች ቀረቡልን፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ደንዳና። አያ እንድሪስ ቀጭኑን በአንድ እጃቸው አነሱና አዘኑለት።

«ይቺ ድርቅ የመታት ናት። ክረምቱን አትሻገርም።»

ደንዳናውን ግን በሁለት እጃቸው ተሸክመው ፊታቸው በራ። ጣታቸውን ፊደሎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱና ጥርሱ እንዳላለቀ መሰከሩ። በገመድ ግድግዳው ላይ መሰካቱንም በበጎ ነው ያዩት፤ የታሰረ ዕቃ አይሰረቅም። እኔም ዝም ብዬ እንዳልቀር ኮስተር ብዬ ራሙ ስንት ነው አልኩ። ሻጩ ቁጥር ነገረኝ። አንሷል ወይስ በዝቷል? ማን ያውቃል! እንደ ሐኪም «እ... እ...» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ በሕይወቴ ብቸኛዋን ብልህ የኮምፒውተር ጥያቄ ጠየቅሁ። ቆቦ መብራት እንደሚመላለስ ነግሬው፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው ምን ያህል እንደሚያቆይ ነው የጠየቅሁት። ሻጩ በርኅራኄ ዓይን አየኝ፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝና «አብሽር ወንድሜ» አለኝ።

በዚህ ቃል ላይ የተራቀቅሁት ምሁር ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ደስ ብሎኝ ከፈልኩ! ሰውዬው ዕቃ እየሸጠልኝ ሳይሆን እያጽናናኝ መሆኑ ትዝም አላለኝ።

ቆቦ ገብተን ሰካሁት፤ ሠራ። ጭኔ ላይ ሳደርገው የቆቦ ሙቀት አልበቃ ብሎ እሱም በበኩሉ ያነድዳል። ብቻ ግድ የለም፣ ጽሑፌ ገሰገሰ። መጀመሪያ ገጽ ላይ ርእሱንና ስሜን ጽፌ ሴቭ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ቦታ እንዳይሞላ ተጠነቀቅሁ። መጥፋት እንዳለበትም ስላላወቅሁ ሳላጠፋው ሳምንቱን ሙሉ እየጻፍኩ ከረምኩ፤ መብራቱም እኔን ለማዘናጋት ይመስል አንድ ቀን እንኳ አልሄደም።

መደምደሚያውን ልቋጭ ስል ሄደ። ላፕቶፑም አብሮት ሄደ። ባትሪው ለካ ከእኔ ጋር ከመተዋወቁ በፊት ሞቷል። መብራት ሲመጣ በጉጉት ከፈትኩት፤ ርእሱ አለ፣ ስሜ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ልደብቀው አልችልም፣ አለቀስኩ።

ወሬው ሲሰማ ጎረቤት በሬ እንደሞተበት ሰው ሊያጽናናኝ መጣ። «አላህ ይተካልህ»፣ «በንብረት ይለፍ»፣ «ከዚህ የባሰ አያምጣ»፣ በየመሐሉም «አብሽር»። መካሪዎቼም አልቀሩም። ሙሉጌታ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርግ አላልኩህም ነበር ብሎ ወቀሰኝ። ያንን ቀጭኑን ላፕቶፕ በሳምንቱ ሄዶ የገዛው እሱ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። አያ እንድሪስ ደግሞ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ፈትተህ አስኪደው ልልህ ነበርኮ፤ ሰው መሐል ሆነና ዝም አልኩ።»

እኔ ግን ለቀስተኞቼን አላባከንኳቸውም። የሚሉኝን እየሰማሁ ቶሎ ብዬ ላፕቶፑ ላይ አሰፍራለሁ፤ ነጥብ ባደረግሁ ቁጥር ሴቭ! ግማሹን ከትዝታዬ፣ ግማሹን ከእነሱ አፍ ለቃቅሜ፣ ከፊተኛው የሳሳ ጽሑፍ ይዤ በመጨረሻዋ ቀን ደሴ ደረስኩ። አማካሪዬ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ውፍረቱን በሁለት ጣታቸው ለኩት። ያልፍ ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው።

ዘንግቼው ነበር፤ አማካሪዬ የወሎ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና በርኅራኄ አዩኝ።

«አብሽር» አሉኝ።

ከግቢው ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ። ከጎጃም እናቴ ናት። «ተመረቅህ ወይ ልጄ?» አለችኝ። ምን ልበላት? መዋሸት አልፈለግሁም፤ እውነቱን ደግሞ እኔም አላወቅሁትም። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ቃል ነበር።

«አብሽሪ፣ እማዬ» አልኳት።

ስልኩ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ከእልልታው መሐል ጎረቤቶቿን ስትጠራ ይሰማኛል።

«ኑ እንጂ! ልጄ አብሽሪ ሆነልኝ!»