ብረቱ ምሳ አይበላም

[ውቤ በረሃ፣ የሙሽራዋ የሰገን ቤተሰብ ግቢ። ድንኳን ተተክሏል። ፎቶ አንሺው ዘርዓብሩክ ካሜራው ሥር አንድ ጠማማ ብረት በብሎን ያስራል። እስከ ዛሬ ፍላሹን በእጁ ሲይዝለት የኖረው ጌቱ አጠገቡ ቆሟል። ከነገ ጀምሮ እንደማይፈለግ የተነገረው አሁን፣ በሰርገኛ መሀል ነው።]

ጌቱ፦ ታዲያ ጋሼ፣ ይሄ ብረት እኔን ሊተካ ነው?

ዘርዓብሩክ፦ መተካት? ያስንቅሃል እንጂ! ፍላሹን ብረቱ ጫፍ ላይ ሰካሁት። ብርሃን የሚያለሰልሰውን ጃንጥላ ከፍላሹ ጋር አሰርኩት። በገመድ ከካሜራው ጋር አገናኘሁት። አለቀ! ምሳ አይበላ፣ አያዛጋ፣ «እጄ ዛለ» አይል!

ጌቱ፦ «ወደ ቀኝ» ሲሉት ይሰማል?

ዘርዓብሩክ፦ ብረት ጆሮ አለው እንዴ፣ አንተ?

ጌቱ፦ አይ፣ እኔን ሁልጊዜ «ወደ ቀኝ! ከፍ! አሁንም ከፍ!» ስለሚሉኝ ነው።

ዘርዓብሩክ፦ ለሱ አይባልም! በሄድኩበት ይከተለኛል።

ጌቱ፦ እኔም በሄዱበት ስከተል ነው እኮ «ተረከዜን ረገጥከኝ» እያሉ ሲሰድቡኝ የኖሩት።

ዘርዓብሩክ፦ ፋራ! ፒያሳ ተወልዶ ፋራ መሆን እንዴት ይቻላል? ዓለም የት ደርሷል፣ አንተ አሁንም «በእጄ ልያዝ» ትላለህ!

[ዕቃውን ብድግ ያደርገዋል። ፍላሹና ጃንጥላው ወደ ግራ ይጎትቱታል፤ እሱም አብሮ ይዘማል።]

ጌቱ፦ ጋሼ፣ ዘመሙ።

ዘርዓብሩክ፦ ስልት ነው!

ጌቱ፦ ጃንጥላውም ጋረደዎት።

ዘርዓብሩክ፦ አላይም ብዬ ነገርኩህ?

ጌቱ፦ እሺ። ያነጣጠሩት ግን የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ነው።

ዘርዓብሩክ፦ ዝም በል! ስለ ብርሃን አንተ ምን ታውቃለህ?

[ከቤት ውስጥ እልልታው ይቀልጣል። ዘርዓብሩክን ላብ ያጠምቀዋል። ሙሽራ ከቤት ወደ ድንኳን የምትገባው አንዴ ነው፤ ተመለሽና እንደገና ግቢ አትባልም።]

ዘርዓብሩክ፦ ና፣ ካሜራውን ያዝልኝ! ብሎኑን ላጥብቅ።

ጌቱ፦ ተባርሬ የለም እንዴ?

ዘርዓብሩክ፦ ሙድ አትያዝብኝ! ያዝ ስልህ ያዝ!

[ጌቱ ካሜራውን ይቀበላል። ድንገት ነፋስ ይነሳል። ጃንጥላው ይወጠርና ፍላሹን ከብረቱ ላይ መንጭቆ ያወጣዋል። ዘርዓብሩክ ዘሎ ሁለቱንም ይይዛል። በገመዱ ከጌቱ ጋር ታስሮ ቆሞ ሳለ ሰገን ከሙሽራው ጋር ብቅ ትላለች።]

ዘርዓብሩክ፦ ካሜራዬን ስጠኝ! ቶሎ!

ጌቱ፦ በየትኛው እጅዎ?

[ዘርዓብሩክ እጆቹን ያያቸዋል። በአንዱ ፍላሽ፣ በሌላው ጃንጥላ ነው። ሦስተኛ እጅ የለውም።]

ዘርዓብሩክ፦ እ... በቃ አንተ ተጫነው! ተጫነው!

ጌቱ፦ ወደ ቀኝ ይበሉ!

ዘርዓብሩክ፦ ማን? እኔ?

ጌቱ፦ ብርሃኑ ሚዜው ላይ ነው! ወደ ቀኝ! ከፍ! አሁንም ከፍ! ኧረ ተረከዜን አይርገጡኝ!

[ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሰገን ሁለቱን ስታይ ሳቋ ያመልጣታል፤ ጌቱም ሳቋን ያነሳዋል። ሙሽሮቹ ድንኳን ይገባሉ። የሰገን አክስት እትዬ አዳነች መጥታ በካሜራው መስኮት ፎቶዎቹን ታያለች።]

አዳነች፦ ውይ፣ ሳቋን እንዴት አድርገህ ያዝከው! እጅህ ይባረክ፣ ፎቶ አንሺው። በል ግባና ምሳ ብላ። ያንን ጃንጥላ ያዥህንም ጥራው፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ያሳዝናል።

ዘርዓብሩክ፦ እትዬ፣ ፎቶ አንሺውማ እኔ...

ጌቱ፦ [ካሜራውን አንገቱ ላይ እያጠለቀ] እሱን ይተዉት፣ እትዬ። እሱ ምሳ አይበላም።