ሣር የሌለው መስክ

ይህን የማወራው ከታላቅ ይቅርታ ጋር ነው። ወሬው ስለ ሣር ነው። ስለ ሣር የሚያወራ ሰው ወይ ከብት አለው ወይ ሥራ የለውም። እኔ ሥራ አለኝ፤ ከብት ደግሞ የአፓርታማችን የኪራይ ውል አይፈቅድም።

ግን እንግሊዝኛ ለሣር ያለው ክብር አይገርማችሁም? እኛ መስክ እንላለን፣ ቢበዛ ጨፌ ብለን ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን። እነሱ ሜዶው አላቸው፣ ሊ አላቸው። በኮረብቶች መሃል ከተኛ ዴል፣ ጠበብ ካለ ግሌን፣ ጫካ ውስጥ ፀሐይ ካገኘ ግሌድ! ልጄን ብጠይቃት «ዳድ፣ ኖባዲ ሴይስ ዛት» አለችኝ። ማንም የማይለው ከሆነ በየአፓርታማው በር ላይ ማን ጻፈው?

እኛ የምንኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ በር ላይም «ሜዶው» የሚል አለበት፣ በወርቅ ቀለም። ሙሉ ስሙን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

የባለቤቴ አባት፣ አባባ ሞገስ፣ ነሐሴ ላይ ከጎጃም መጡ። ባለቤቴ አልማዝ «ከወደዱት ይቀሩልኛል፤ አደራህን አስወድድልኝ» ብላኛለች። እኔም ከኤርፖርት ሳንወጣ የምንኖረው መስክ ላይ ነው አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ ተጽፏል።

ደረስን። ፓርኪንጉን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ሣሩስ?»

በነጋታው ግሌን የተባለውን፣ ዴል የተባለውን ሁሉ እስከ ጎረቤታችን ከተማ አሌክሳንድሪያ አዞርኳቸው። አንዱ ጋ ነዳጅ ማደያ፣ አንዱ ጋ ፋርማሲ።

«ደጎች ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «እኛ አገር መስኩ ሲታረስ ስሙም አብሮ ይታረሳል። እነዚህ ሣሩን ቀብረውም ስሙን ይጠሩለታል።»

አድናቆት ግን አያስቀርም። ማታ ለአልማዝ «ዕንቁጣጣሽን ያለ ጉዝጓዝ ከዋልኩማ ምኑን ኖርኩት? በሞቴ፣ ቲኬቴን ቁረጪልኝ» አሏት። እሷ አለቀሰች፤ እኔን ገላመጠችኝ።

የዕንቁጣጣሽ ጠዋት ስንነሳ ሳሎኑ በረጅም ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። አባባ መሃሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ የዳቦው ቢላዋ አጠገባቸው ነው።

«አገኘሁት» አሉ። «ለካ ስሙ ሥር ነበር።»

የአፓርታማው ኦፊስ ለጌጥ ከበሩ ምልክት ሥር የተከለውን ሣር ሙልጭ አድርገው አጭደውታል!

«አባባ! ከቤት ያስወጡናል እኮ!» አለች አልማዝ።

«መስክ ነው ብለው ጽፈው? እንዴት ተደርጎ! ቲኬቱን ተይው፤ እቆያለሁ።»

በማግስቱ ከኦፊሱ ኢሜይል መጣ። አልማዝ ከፈተችው። ምልክታችን አሁን ከመንገድ ጥርት ብሎ ይታያል፤ አትክልተኞቻችንን እናመሰግናለን፣ ይላል።

እናንተ ግን አደራ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ። አትክልተኞቹ ምስጋናቸውን ተቀብለዋል። ሣሩም መልሶ አቆጥቁጧል፤ አባባ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ጠይቀውኛል።