ለጥንብ አንሳ የወጣ ቅሬ

ስድብ ሲያልቅብን የምንበደረው ከአሞራ ነው። የተጣላነውን «አሞራ ይብላህ» እንለዋለን፤ ያደፈውን «ጥንብ አንሳ» ብለን እንጠራዋለን። መላጣነቱ እንኳ ሳይቀር መተረቢያ ነው፤ መላጣ ሰው የሌለበት አገር ይመስል! እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ከብቱ የእኛ፣ በክቱን መስክ ላይ ጥለን የምንሄደው እኛ፣ ግማቱን የሚያነሳልን እሱ፣ ጥንብ የሚባለውም እሱ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

የከተማችን የቆቦ ሰው ከዚህ ስድብ ንጹሕ ነው አልልም። ግን አንድ ቀን ክሶታል። ጥንብ አንሳን ለማዳን ሕዝቡ ምን ይርዳ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ እያለኝ ኩራት ኩራት ይለኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሁሉ ነገር በዘመቻ የሚሠራበት። ያበደ ውሻ ሰው ነክሶ ኖሮ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሥጋ እንዲያልቁ አዘዘ። ይሁን፣ ውሻው አብዷል። ጉዱ የመጣው ሬሳቸው ሳይቀበር ከከተማው ዳር ካለው መስክ ሲጣል ነው።

ከመስኩ አጠገብ እመት ዘሀራ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሀብታቸው አንዲት ላም ናት፤ የምትግጠውም እዚያው ነው። ከብት በበሽታ የረገፈ ጊዜ ሜዳውን ያጸዱት ጥንብ አንሳዎች ነበሩና «ላሜን ያተረፉልኝ እነሱ ናቸው» ይሉ ነበር። ማለዳ ሲወጡ የውሾቹን ክምር አዩ። ቀና ሲሉ ደግሞ ጥንብ አንሳዎቹ መስኩ ዳር ካለው ወርካ ላይ ሆነው ፀሐይ ክንፋቸውን እስክታሞቅላቸው ይጠብቃሉ። በመርዝ የሞተ ውሻ የበላ አሞራ እንደማይተርፍ እመት ዘሀራ ያውቃሉ። ምን ያድርጉ? እሪ አሉ።

በእኛ አገር ማለዳ እሪታ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ቅሬ፣ የቀብር ማኅበራችን፣ እስላም ክርስቲያኑ ዶማና አካፋውን ይዞ ወጣ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረስኩ።

«ማን ሞተ?» አሉ የቅሬው ዳኛ አያ ይማም።

«ሰውስ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እኒህን ውሾች ቅበሩልኝ። አሞሮቹ ካለቁ ነገ የኔንም ያንተንም ከብት በሽታ ይጨርሰዋል፣ አያ ይማም!»

ውሻ መንካት ለእስላሙ ነጃሳ ነው፤ ለክርስቲያኑም ነውር። ለዚህ ቅሬ መጥራትማ የሚያስቀጣ ድፍረት ነበር። አያ ይማም ፀሐይዋን አዩ፣ ወርካውን አዩ።

«ቅሬ ወጥቶ ሳይቀብር አይመለስም» አሉና ቢስሚላህ ብለው ዶማቸውን አነሱ።

ከዚያ ወዲያ ማን ቀድሞ ማን ይቅር! ከትግራይ መጥቶ የቆቦ ሰው የሆነው ነጋዴው ሐጎስ «እናንተ ጉድጓዱን፣ እኔ ጉተታውን» ብሎ ገመድ አነሳ። ላብ በላብ ሆነን የመጨረሻውን አፈር ስንደለድል አሞሮቹ ተነሡ። ከራሳችን በላይ ዞሩ፣ ዞሩ፣ የሚወርዱበት አጡ።

ሊቀመንበሩ ወሬ ሰምቶ ሲደርስ የማን ቀብር እንደሆነ ጠየቀ። ሲነገረው ጥቂት አሰበና፣ ሰፊው ሕዝብ በመመሪያው መሠረት የጽዳት ዘመቻ ማካሄዱን አበሰረን። አጨበጨብን፤ ማጨብጨብ እንደሁ ልምዳችን ነው።

እመት ዘሀራ ግን ወደ ሰማይ አንጋጠው ይጮኹ ነበር።

«ሂዱ፣ ዛሬን ጦም እደሩ! እኛስ ስንቱን አድረን የለም ወይ?»

እነሱም እንደራባቸው፣ አንድም ሳይጎድል፣ ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ዋጃ አቀኑ።