የሻምበል ኮሌስትሮል

መድኃኒት ገዢ ሁለት ዓይነት ነው፤ ኪኒኑን ወስዶ ወረቀቱን የሚጥልና ወረቀቱን ወስዶ ኪኒኑን የሚረሳ። የእንስሳት ሐኪሟ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ሁለተኛውን ዓይነት ደጋግማ አይታለች፤ ሊቀ ጠበብትን የሚያህል ግን ገጥሟት አያውቅም።

ሊቀ ጠበብት ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት አራሚ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው እሷ ናት፤ እሳቸው አያውቁም እንጂ። አርባ ዓመት የሰው ስሕተት ሲለቅሙ ኖረው፣ የሚለቅሙት ቢያጡ ወደ መድኃኒት ወረቀት ዞሩ። ያቺን የጉንዳን እግር የምታክል ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ያነቧታል፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርሟታል። ሐኪሟ ተናግራ ሳትጨርስ ጣታቸውን ያነሡና፣ «ወረቀቱ ግን እንዲህ አይልም» ይላሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እሳቸው ሞኝ ባይሆኑም ወረቀት ይዘዋልና ያው ነው።

ልጆቻቸው ከቤት ከወጡ ወዲህ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣቸው ሻምበል የሚባለው ያረጀ ውሻቸው ብቻ ነው። የሻምበል ጀርባ በፈንገስ ተበልቶ ሲመለጥ ሐኪሟ ለስድስት ሳምንት የሚዋጥ ኪኒን አዘዘች። በማግስቱ ክሊኒኩ ሳይከፈት በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ኮሌስትሮሉስ?» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«የማን፣ ጋሼ?»

«የሻምበል ነዋ! ይሄ ኪኒን የደም ቅባትን ሊነካ ይችላል ይላል። ከፍ ያደርገዋል ወይስ ዝቅ? እሱን አልጻፉም። ምን ዓይነት አጻጻፍ ነው?»

«ውሻን እንደኛ ብዙም አያሰጋውም። የምንከታተለው ጉበቱን ነው።»

«ወረቀቱ ግን...»

በየሳምንቱ መጡ። አንድ ቀን ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፏን ከፍታ ሳለች ደወሉላት። መናገር አቅቷት ዝም ብትል፣ «አየሽ፣ መልስ የለሽም!» ብለው ዘጉት።

በአራተኛው ሳምንት ተሸነፈች። «እሺ፣ ደሙን እንመርምር። ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይበላ።»

ጠዋት ይዘውት መጡ። ደሙ በማሽኑ ተሽከርክሮ ሲጣራ ፈሳሹ በቅባት ነጥቶ ወተት መሰለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሻ በልቷል።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ከኪኒኑ በቀር ካፉ የገባ ነገር የለም።»

«ኪኒኑንስ በምን ዋጠው?»

«በቅቤ።»

«ስንት ቅቤ?»

«ትንሽ ናት፣ ይህችን የምታክል» ብለው ጡጫቸውን አሳዩ። «ቅቤው ደግሞ ምግብ አይደለም፤ የኪኒኑ መጠቅለያ ነው። ወረቀቱ ከምግብ ጋር ስጥ ይላል፣ አንቺ አትስጥ አልሽ፤ ሁለታችሁንም አስታረቅኋችሁ።»

ሐኪሟ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «በቃ፣ ከነገ ወዲያ ያለ መጠቅለያ ይምጡ» አለችና፣ የተባይ መርፌው ቀን ደርሶ ስለነበር እየሳቀች ቀዳችና የሻምበልን ቆዳ ቆንጥጣ ያዘች።

«የዚህ መድኃኒት ስሙ ማነው?» አሉ።

ነገረቻቸው። ወረቀቱን ከኪሳቸው መዥረጥ አደረጉት። «ወረቀቱ ግን...»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ እስቲ!»

«ከዚህ ጋር አይሰጥ ይላል። ሁለተኛው ገጽ፣ ከታች።» ወረቀቱን ዘረጉላት። «ልጄ፣ እባክሽ፣ አንዴ ብቻ አንብቢው። ከሱ ሌላ ማንም የለኝም።»

አነበበችና ክው አለች። የምታውቀው ነገር ነው፤ ተምራዋለች፣ ፈተና ላይም መልሳዋለች። በሳቅ ውስጥ ሆና ዘነጋችው እንጂ። ሁለቱ መድኃኒቶች ቢገናኙ ይሄ ያረጀ ውሻ ላይነሣ ይችል ነበር። መድኃኒቱን ከነመርፌው ጣለችው።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ልገድልብዎት ነበር።»

አሁን ይፎክሩብኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን የሻምበልን ጆሮ እያሻሹ፣ «ማንም ይሳሳታል፤ አራሚ ታዲያ ለምን ተቀጠረ?» አሉ። ቀጠል አድርገውም፣ «ኮሌስትሮሉስ ግን?»

ሐኪሟ ቦርሳዋን ከፈተችና ትናንት ለእናቷ የታዘዙትን የሦስት መድኃኒቶች ወረቀቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው።

«የእናቴ ናቸው ጋሼ። እስቲ እርስዎ ይዩልኝ።»

ሊቀ ጠበብት ወንበር ሳቡ። «እናትሽ ዕድሜያቸው ስንት ነው?» አሉ።